ባቡር ያልኋቸው ቀን

ትናንት ከሰዓት በኋላ ከዓባይ ማዶ ወደ መሐል ከተማ ስመጣ የተሳፈርሁባት ባጃጅ መንገድ ላይ ቆማ ቀረች። ፊት የጭነት መኪና፣ ኋላ የባጃጅ ሰልፍ፤ መሄድም መመለስም የለም። ጎኔ የተቀመጠው ወጣት ሰዓቱን እያየ፣ «ለባሕር ዳር ባቡር ነበር የሚያስፈልጋት» አለ። ፊቴን ወደ ውጭ አዞርሁ። ወጣት ሳለሁ ከዚያ ሌላ ወሬ አልነበረኝም።

ከኮሌጅ እንደ ወጣሁ የተመደብሁት የቀላል ባቡር ጥናት ከሚያዘጋጁት ጋር ነበር። ከተማዋ በየዓመቱ ትሰፋለች፤ ወንዙን የምንሻገርበት ግን ያኔ አንድ ድልድይ ብቻ ነበር። መንገድ ቢሰፋ መኪናው ይበዛል እንጂ አይቀንስም፣ ባቡር ግን የስንት ባጃጅ ሰው በአንዴ ያነሣል እያልሁ ያገኘሁትን ሁሉ አደርቅ ነበር። ዛሬም ልክ ነበርሁ እላለሁ።

የተከራየሁት ዓባይ ማዶ፣ እማማ የሺ ግቢ ነው። ከደልጊ ገጠር የመጡ፣ የጓሯቸውን ጌሾ ለጠላ ጠማቂዎች እየሸጡ የሚኖሩ ሴት ነበሩ። ከሥራ ስገባ የዳጉሳ እንጀራ በዓሣ ወጥ ያቀርቡልኛል፤ ካልጨረስሁ ይቆጣሉ።

በሚያዝያ ሙቀት የነዋሪውን ድጋፍ እንድናሰባስብ ታዘዝን። ሰፈሩ ተሰብስቦ እኔ ቆሜ፣ ቀላል ባቡር ቢመጣላችሁ ትደግፋላችሁ ወይ ብዬ ጠየቅሁ። መጀመሪያ እጃቸውን ያነሡት እማማ የሺ ነበሩ።

«ይምጣልን እንጅ። እህል አዝለን ድልድይ ስንሻገር ወገባችን ተቆረጠ። ዳጉሳም ይፈጫል?»

ገጠር ባቡር የሚባለው የእህል ወፍጮ መሆኑን ረስቼው ነበር። ከተሜዎቹ ቀልድ መስሏቸው ሣቁ፤ የእሳቸው ብጤዎች ግን መልሴን ይጠብቃሉ። አለቃዬ ከጎኔ «ቀጥል» አለኝ። ላስረዳቸው አፌን ከፈትሁ፤ ድጋፉ ሲበተን ታየኝና «ሁሉም በጊዜው ይብራራል» ብዬ አለፍሁት። ስማቸው ከወረቀቱ አናት ላይ ተጻፈ፤ አውራ ጣታቸውንም አተሙ።

ከዚያ ወዲህ ቤት መግባት ጭንቅ ሆነብኝ። «ባቡሩ ከምን ደረሰ?» ይሉኛል። «በሂደት ላይ ነው» እላለሁ። ሌላ ቤት ልፈልግ አስብና ወጡን ይዘው ሲመጡ አቀርቅሬ እበላለሁ።

ሰኔ መግቢያ ላይ፣ አንድ ቅዳሜ ረፋድ ከገበያ ስመለስ ጌሾው ከነሥሩ ተነቅሎ ተከምሮ አገኘሁት።

«ቦታ ጠፋ ብለው ወደ ሌላ ሰፈር እንዳይወስዱት ብየ ነው» አሉ ላባቸውን እየጠረጉ። «ከኔ ጓሮ ይትከሉት።»

ያን ጊዜ ነገርኋቸው። ባቡሩ ሰው የሚያመላልስ መሆኑን፣ እሱም ገና ወረቀት መሆኑን፣ እንዳልገባቸው እያወቅሁ ዝም ማለቴን። ድንጋይ ላይ ተቀመጡ።

«እዚያ ወረቀት ላይ ስሜ አለ?»

«አለ።»

«እንግዲያስ አስወጣልኝ።»

ሰኞ ጠዋት አለቃዬን ጠየቅሁት። ጥናቱ ወደ ላይ ተልኳል፤ «አንዱን ስም ብናወጣ ሁሉም ይጠየቃል፤ አርፈህ ተቀመጥ» አለኝ። አርፌ ተቀመጥሁ። እማማ የሺ አዲሱ ጌሾ እስኪደርስ የሰው ልብስ ሲያጥቡ ኖሩ። ከቤታቸው አላስወጡኝም፤ ምግቤንም አላስቀሩብኝም። ስለ ስማቸው ግን ዳግም አልጠየቁኝም፤ እኔም አፍሬ ሁለት ዓመት ያንን ጓሮ እያየሁ ተቀመጥሁ።

አሁን አዲስ ድልድይ አለ፤ መንገዱ ግን ዛሬም ይታነቃል። እማማ የሺ ካረፉ ቆይተዋል። ያ ጥናት አልፎ አልፎ ከመደርደሪያ ይወርዳል አሉ፤ በወረደ ቁጥርም ነዋሪው ደግፎታል ተብሎ ዝርዝሩ ይነበባል። መጀመሪያ የሚነበበው የእሳቸው ስም ነው።