መንታዋ ጊደር

ቡሬ የእንስሳት ጤና ስማር፣ የህብረ ህዋስ ትምህርት ለእኔ ሽምደዳ ነበር። ሸፋኙ፣ አያያዡ፣ የጡንቻው፣ የነርቩ እያልን እናጠናለን፤ ፈተናው ሲያልፍ እንረሳዋለን። አንድ ቀን መምህራችን ከቄራ የላም ማህፀን በባልዲ ይዞ መጣና ጠረጴዛ ላይ ዘረጋው። ማህፀን ስልቻ ነገር ይመስለኝ ነበር። እጄ ላይ ያረፈው ግን እንደ በግ ቀንድ ግራና ቀኝ የተጠማዘዘ ለስላሳ ነገር ነው። መምህሩ በምላጭ ሲከፍተው ከውስጥ እርጥብ ስስ ሽፋን፣ ከሱ ቀጥሎ ወፍራም ጡንቻ ታየ። በየቀንዱ ጫፍ ትልቅ ባቄላ የምታህል የእንቁላል ዕጢ አለች። ያን ቀን የሸመደድሁት ሁሉ ሥጋ ለበሰ።

ለፋሲካ ቋሪት ወደ ቤታችን ሄድሁ። የአባቴ ታላቅ እህት ከእኛ ጋር ነበር የሚኖሩት። ባላቸው አልወለድሽልኝም ብሎ በወጣትነታቸው መልሷቸዋል። የእኔ የሚሉት ከብት አንዲት ጊደር ብቻ ነበረች። እኩዮቿ ወልደው ሲታለቡ እሷ ኮርማ እንኳ ፈልጋ አታውቅም።

አባቴ ለቅርጫ ሊያርዳት አስቧል። «መሃን ናት፤ በከንቱ ሳር ትፈጃለች» አለ። አክስቴ ቀና ብለው አላዩትም።

«ሳትታረድ ልያት» አልሁ።

አባቴ ከዛፍ ጋር አሰረልኝ። እስከ ትከሻ የሚደርሰውን ጓንት አጥልቄ፣ ሳሙና ቀብቼ በኋላዋ እጄን አስገባሁ። ቡሬ ላይ የዳሰስሁትን ፈለግሁ። የማህፀኑን በር አጣሁት። ቀንዶቹ ሊኖሩበት በሚገባው ቦታ ክር የመሰለ ቀጭን ነገር ብቻ አለ።

«እቴቴ፣ ስትወለድ መንታ ነበረች?» አልኋቸው አክስቴን።

«አዎ። ከወንድ ጋር።»

እንደ ተማርሁት ነገርኋቸው፤ ሁለቱ በእናታቸው ሆድ ሳሉ ደማቸው እንደሚቀላቀል፣ ከወንዱ የሚመጣው ሆርሞን የሴቷን ማህፀን እንዳያድግ እንደሚያደርገው።

«እንግዲያ እሷ ያጠፋችው የለም?»

«የለም።»

«የእግዜር ቁጣም አይደል?»

«አይደለም። ገና ሳትወለድ የሆነ ነው።»

የጊደሯን ጀርባ ደባበሱ። «ሰውስ እንዲህ ይታያል?» አሉኝ።

«ሐኪም ቤት ይታያል። የሰው ምክንያቱ ብዙ ነው። አንዳንዴ ከባልየው ይሆናል።»

«ከሱ እንኳ አልነበረም። ከእኔ በኋላ ያገባት ደህና አድርጋ ወልዳለታለች።» ፈገግ ለማለት ሞከሩ። «እንጃ፣ የእኔም አንድ ነገር ሳያድግ ቀርቶ ይሆናል። እኔ ግን ምን በድዬ ነው እያልሁ ለንስሐ አባቴ ስናዘዝ ኖርሁ።»

 የእሳቸው ምን እንደ ነበር አላውቅም፤ ማንም አላየላቸውም። ጓንቱን እንኳ ሳላወልቅ አጠገባቸው ቆምሁ። አባቴም ገመዱን እንደ ያዘ ሰምቷል። ከዚያ በፊት እህቱ ስለዚህ ጉዳይ ሲናገሩ ሰምቶ የሚያውቅ አይመስለኝም።

«በይ፣ ፍቻት» አለኝ ዝቅ ባለ ድምፅ።

ለበዓሉ በግ ገዛ። ክረምት ሲቃረብ ጊደሯን ለእርሻ አለማመዳት፤ ትከሻዋ ሰፊ ስለ ነበር አላስቸገረችውም። አክስቴ ማታ ከእርሻ ስትመለስ ጨው ያልሷታል። መሃን የሚል ቃል ግን ከዚያ ወዲያ በቤታችን አልሰማሁም።