ሰፈሩ ነው እንጂ የተቀየረው

እናቴ አልዛይመር እንደያዛት የነገረኝ ሐኪም ጢሙ ገና በወጉ ያልወጣ ልጅ ነበር። ክሊኒኩ ቴዎድሮስ አደባባይ አጠገብ ካለ ፎቅ ላይ ነው፤ ሊፍቱ አይሠራም። ለምርመራ ስንት ጊዜ ያንን ደረጃ ወጥተን ወርደን፣ በመጨረሻ ያስታቀፈን አንድ የፈረንጅ ስም ሆነ። ስሙን ሲጠራ ድምፁን ዝቅ አደረገ። ይህን ድምፅ ዝቅ ማድረግ የት ትምህርት ቤት እንደሚያስተምሯቸው እንጃ።

«በምን አወቅክ?» አልኩት። አንተ ያልኩት ሆን ብዬ ነው።

የጭንቅላቷን ፎቶ አሳየኝ፤ እኔ ግን ከፎቶው ምንም አልገባኝም። ከዚያ ወረቀቱን አገላበጠና፣ ዳቦ ከየት እንደምትገዛ ጠይቋት እንደነበር ነገረኝ። ዶሮ ማነቂያ መታጠፊያው ላይ ካለው ዳቦ ቤት ብላዋለች። ዳቦ ቤቱ ከፈረሰ ቆይቷል።

ይህን ስሰማ ደስ አለኝ። ልጁን የምረታበት ነገር አገኘሁ።

«ዶክተር፣ ፒያሳ መፍረሱን አልሰማህም? እኔ ራሴ ባለፈው ሳምንት ታክሲ መያዣው ጠፍቶኝ አራት ኪሎ ድረስ በእግሬ ሄጃለሁ። ለእኔም መድኃኒቱን ጻፍልኝ እንግዲህ!»

ልጁ አልተቆጣም። ያ ደግሞ ይበልጥ አበሸቀኝ። እናቴ አጠገቤ ቁጭ ብላ የነጠላዋን ጥለት ታስተካክላለች፤ የምናወራው ስለ ሌላ ሰው ይመስላታል።

ክርክሩ ለእኔ አዲስ አልነበረም። ዓመት ሙሉ ቤታችን ውስጥ ስንለማመደው ነው የከረምነው። እናቴ ዳቦ ልግዛ ብላ ወጥታ፣ በሰው እጅ ተይዛ አልቅሳ ስትመለስ፣ «አይዞሽ እማዬ፣ ሰፈሩ ነው እንጂ የተቀየረው፣ አንቺ ምንም አልሆንሽም» እላታለሁ። ጎረቤቶቻችንም አያሳፍሩኝም። «እኛስ መች እናውቀዋለን!» ይላሉ። አንዷማ የገዛ በሬን ስቼ አለፍኩ ብላ ማለችልን። ስንት ውሸታም በአንድ ግቢ! የሁሉም አለቃ ደግሞ እኔ ነበርኩ። ስኳሩን ጫማ ሳጥን ውስጥ ስታስቀምጥ፣ የሞተውን አባቴን ምሳ ስትጠብቅ፣ በቤታችን የፈረሰ ግድግዳ አልነበረም። እሱን ግን አላይም።

ከክሊኒኩ ወጥተን ሽቅብ ወደ ጊዮርጊስ አዘገምን። ክንዴን ይዛለች። እኔ ሐኪሙን እሰድባለሁ፤ ስለ ጢሙ፣ ስለ ሊፍቱ፣ ስለዚያ ስለ ዳቦ ጥያቄው። እሷ ትስቃለች። ስድቤን ሁልጊዜ ትወደዋለች።

ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ለመሳለም ቆምኩ። እናቴ ክርስትና የተነሣችው እዚህ ነው። እኔንም ያስነሣችኝ፣ አባቴንም የቀበረችው እዚሁ ነው። ዙሪያው ሁሉ ሲፈርስ ይህ ሕንፃ አንድ ድንጋይ አልተነካበትም።

እናቴ ቀና ብላ አየችውና ፊቷ በራ።

«እሰይ!» አለች። «አፍርሰው አፍርሰው ደግሞ ቤተ ክርስቲያን ሠሩልን? የማን ታቦት ነው?»

እንባዬ መጣ፤ ፊቴን ባዞርም አየችኝ። በነጠላዋ ጫፍ ጉንጬን ጠረገችልኝ።

«አይዞህ የኔ ልጅ» አለች። «ሰፈሩ ነው እንጂ የተቀየረው፣ አንተ ምንም አልሆንክም።»