«በሞቴ» የሚል በር

እናቴ ስትሮክ ታማ ከሆስፒታል ስትመለስ አንደበቷም እግሯም ደህና ነበሩ። ቀኝ እጇ ግን ጭኗ ላይ እንደተቀመጠ ቀረ። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ ሰሚት ወዳለው ኮንዶሚኒየማችን እየመጣች የስፖንጅ ኳስ ታስጨብጣት ጀመር።

«እማማ፣ ጣቶችዎ እኮ ይንቀሳቀሳሉ፤ ሥራ ካላገኙ ግን ይሰንፋሉ» ትላታለች።

«እሺ የኔ ልጅ» ትላለች እናቴ። ባለሙያዋ ደረጃውን ወርዳ ሳትጨርስ ኳሱ ሶፋ ሥር ይገባል።

እናቴ ሰው ፊት በግራ እጇ አትበላም። በግራ እጅ መጉረስ ለእሷ ነውር ነው፤ በማንኪያ መጉረስ ደግሞ ሕመምን ማሳየት ነው። ስለዚህ ሰው ቤት መሄድ አቆመች። ሰንበቴ ቀረ፣ ክርስትና ቀረ፣ ከእኛ በላይ ባለው ፎቅ የምትኖረው ጎረቤታችን ስትጠራትም «ዛሬ ጨጓራዬን አሞኛል» ማለት ለመደች። ጨጓራዋ ምንም አልነበረም። እጇ ካልተመለሰላት እናቴ ከዚህ ቤት እንደማትወጣ ገባኝ።

ከዓመታት በፊት ቦሌ ውስጥ ጌም የሚሠሩ ወጣቶችን ለዘገባ አነጋግሬ ነበር። ከዚያ ሁሉ ወሬ ትዝ ያለኝ አንድ ነገር ነው፤ ሰው ለጤናው ብሎ የማይሠራውን ለጨዋታ ሲሆን ይሠራዋል። ማስታወቂያ የሌለበት፣ በአማርኛ የሚናገር፣ ቀኝ እጅን የሚያሠራ ጌም ፈልጌ አጣሁ። ራሴ ልማር ብዬ ቆረጥኩ። ኦሎምፒያ ያለው የጋዜጣ ቢሯችን በምሳ ሰዓት ጸጥ ይላል፤ ምሳዬን ቶሎ እየበላሁ፣ ትእዛዞችን እንደ ጡብ እየደረደሩ ጌም የሚሠሩበትን ነጻ ፕሮግራም ከፍቼ እቀመጥ ጀመር።

መጀመሪያ የሠራሁት ሰማያዊ ካሬ ነበር። ሰው እንዲሆን አስቤው ነው። ሥሩ አረንጓዴ መሬት ሣልኩለት። ፕሮግራሙን ሳስነሳው ካሬው መሬቱን ሰንጥቆ ወደ ታች ወረደና ከስክሪኑ ጠፋ። ደጋግሜ ባስነሳውም ያው ነው። በኋላ እንደተረዳሁት መሬት ሥያለሁ እንጂ መሬት ሰው እንደሚሸከም ለኮምፒውተሩ አልነገርኩትም። ዕድሜዬን ሙሉ ዜና ስጽፍ አንባቢ የሚያውቀውን መጻፍ ጊዜ ማባከን ነው ብዬ ኖሬአለሁ። እዚህ ግን ምንም የሚያውቅልኝ የለም። ሁሉም ነገር መነገር አለበት።

ከጎኔ የምትቀመጠው የገጽ ቅንብር ባለሙያ አንድ ቀን ወንበሯን ስባ መጣች።

«ጋሼ፣ ጡረታ ሳይደርስ ሥራ ቀየሩ እንዴ?»

«እናቴን ላጫውት ነው።»

«እና ይሄ ፍሪጅ ምንድን ነው?»

«በር ነው።»

«ውይ ጋሼ! በቃ በሮቹን ለእኔ ይተዉልኝ።»

በሮቹን እሷ ሣለቻቸው፤ እንደ እኛ ብሎክ የብረት በሮች፣ አንዳንዱ ላይ ጫማ የወለቀበት ምንጣፍ ያለው። ጨዋታው ቀላል ነው። ቀኑ በዓል ነው። አንዲት ነጠላ ያጣፋች ሴት ዘንቢል ይዛ ኮሪደሩ ላይ ትሄዳለች። በር ይከፈትና «እንኳን አደረስዎ! ይግቡ» የሚል ጽሑፍ ይወጣል። «እሺ» ካለች ትገባለች፤ ስትወጣ ዘንቢሏ ውስጥ ቁራሽ ድፎ ዳቦ ይጨመራል። «አይ» ካለች በሩ ይዘጋል፣ ወደሚቀጥለው ትሄዳለች።

ከአሮጌ ኪቦርድ ላይ ሁለት ቁልፎች መርጬ የውሃ ፕላስቲክ ክዳን አጣበቅሁባቸው። በቀኝ ጫፍ ያለው ቀይ ክዳን «እሺ»፣ በግራ ጫፍ ያለው ሰማያዊ ክዳን «አይ»። ቀኙን በቀኝ እጅ፣ ግራውን በግራ እጅ መጫን ነው። «እሺ»ን ለታመመው እጅ የሰጠሁት አስቤበት ነው። በዓል ላይ ሰው ቤት መግባትን ማን እምቢ ይላል?

ቅዳሜ ጠዋት ላፕቶፑን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩላት። መነጽሯን አደረገች፣ ሕጉን ሰማች፣ «ገብቶኛል» አለች። የመጀመሪያው በር ተከፈተ። በግራ እጇ ሰማያዊውን ተጫነች። በሩ ተዘጋ። ሁለተኛውም፣ ሦስተኛውም እንደዚያው ሆነ። እስከ ኮሪደሩ መጨረሻ ቀኝ እጇን አላነሳችም። ዘንቢሉ ባዶ እንደሆነ ጨዋታው አለቀ። ኪቦርዱን ቀስ አድርጋ ገፋችውና፣

«ጥሩ ነው። ሥራ አስፈታሁህ እንጂ» አለች።

ምንም አልጠየቅኋትም። ያየሁት በቂ መሰለኝ፤ ቀኝ እጁ ቀይዋን ክዳን መጫን አልቻለም፣ እሷም አልችልም ማለት ከብዷታል። ላፕቶፑን አጥፌ ወሰድኩት።

ሰኞ በሮቹን ለሣለችው ባልደረባዬ ነገርኳት። ሰማችኝና፣

«እሳቸው ምን አሉ?» አለችኝ።

«ምንም።»

«ጠየቋቸው?»

አንዲት ምንጭ ሳያነጋግር ስለ እሷ የደመደመ ሪፖርተር ቢመጣብኝ ጽሑፉን እንደምመልስበት እሷም እኔም እናውቃለን። ደግነቷ አላለችውም።

ማታ እራት ሳይቀርብ እናቴን ጠየቅኋት። «እማዬ፣ ቅዳሜ በቀኝ እጅሽ ለመጫን ሞክረሽ ነበር?»

«ምኑን?»

«ቀይዋን። እሺ የምትለዋን።»

«መቼ ደረስኩባትና!» አለች። ቅዳሜ የዋጠችው ነገር አሁን ወጣ። «የሠራሃቸው ሰዎች ባለጌዎች ናቸው። ይግቡ ይሉኛል፣ ኧረ ይቅርብኝ ስላቸው ፊቴ ላይ በር ይዘጋሉ። ሰው አንዴ ተጠይቆ ዘው ይላል እንዴ? ደግሞ በበዓል! ወይ ማዘር፣ ወይ በሞቴ አይሉም።»

ሳቄን መያዝ አቃተኝ። እሷ ግን አልሳቀችም፤ ከልቧ ተቀይማ ነበር። ነገሩ የካሬው መሬት ነው። ማንም የሚያውቀው ስለሆነ አልጻፍኩትም፤ ስላልጻፍኩት የለም።

«እሺ፣ ስንት ጊዜ ይጠይቁሽ?»

«እንደ ሰዉ ነዋ። ጎረቤት ከሆነ ሁለቴም ይበቃል። ሌላው ሦስቴ። በሞቴ ካሉ ግን ይገባል፤ በሞቴ ተብሎ አይኬድም።»

በማግስቱ ምሳ ሰዓት እምቢታን የሚቆጥር ትእዛዝ መጻፍ ተማርኩ። በሩ አሁን «ይግቡ እንጂ» ይላል፤ እምቢ ሲባል «ኧረ እንዴት ተደርጎ!»፤ በመጨረሻ «በሞቴ!»። ቅዳሜ እንደገና ተቀመጥን። እናቴ ሰማያዊውን ተጫነች፣ ደግማ ተጫነች። «በሞቴ!» ሲወጣ ቀኝ እጇን በግራዋ ደግፋ ከጭኗ አነሳችና ቀይዋ ክዳን ላይ አሳረፈችው። ጣቷ ተንቀጠቀጠ። ክዳኑ ንቅንቅ አላለም። ለበሩ የጊዜ ገደብ አልሰጠሁትም ነበር፤ በሩ ጠበቃት። ከዚያ ቀጭ አለ። ሴትዮዋ ገባች።

«ኡፍ፣ ደከመኝ እኮ» አለች እናቴ። ዓይኗ ግን ዘንቢሉ ላይ ነበር።

ከጥቂት ቀናት በኋላ አንድ ነገር አስተዋልኩ። በየበሩ ሁለት ጊዜ እምቢ ትላለች፣ አንድ ጊዜ እሺ። ብዙውን ሥራ የሚሠራው ደህናው እጅ ነው። ክዳኖቹን ሳልነካ የቁልፎቹን ሥራ ገለበጥኩት፤ እሺታ ለግራዋ ሰማያዊ፣ እምቢታ ለቀኟ ቀይ።

«ለምን አዞርከው?» አለች ወዲያው።

«እንዲያው ነው።»

ክዳኖቹን አየች፣ እኔን አየች። «አንተ ተንኮለኛ» ብላ ቀኝ እጇን ቀይዋ ላይ ጣለችው። ከዚያ ወዲያ እናቴ ከሰዓት በኋላ እየተቀመጠች ኮሪደሩን ሙሉ እምቢ ስትል ትውል ነበር። ሌላ ደረጃ ጨመርኩላት፤ በሮቹ እስከ አምስት ጊዜ የሚለምኑበት። የአማች ቤት አልነው። የስፖንጅ ኳሱም ከሶፋው ሥር ወጣ፤ ማን እንዳወጣው አልጠየቅሁም።

ክረምቱ ሲወጣ ጎረቤታችን የልጇን ምርቃት አስታካ ጠራችን። «ጨጓራዬን» የምትል መስሎኝ ጠበቅሁ። እናቴ ቀሚሷን ቀይራ መጣች። ደረጃውን ቀስ ብለን ወጣን። በቀኝ እጇ እንጀራውን ስትቆርስ ትንሽ ተንጠባጠበባት፤ ማንም አላየም፣ ወይም እንዳላየ ሆነ። ጎረቤታችን ጭልፋውን ይዛ ከኋላዋ መጣች።

«ማዘር፣ ይጨመር እንጂ!»

የእናቴ ቀኝ እጅ ተነሳና ሳህኑን ሸፈነ። ጣቶቹ ተዘርግተው ነበር። «በቃኝ፣ በቃኝ!»

«ኧረ አልበሉም!»

እጁ ዝቅ ብሎ እንደገና ተነሳ።

እኔ ማዶ ተቀምጬ ጉርሻዬን ይዤ ቀረሁ። ጎረቤታችን ቶሎ እንዳትተዋት ነበር የምመኘው።