አባቴ ጸጉሬን ያበጠረበት ቀን

የጄኔሬተር ጭስ በሸተተኝ ቁጥር፣ አሶሳ ገና የክልል ዋና ከተማ በሆነች ሰሞን እዚያ የነበረው የቆርቆሮ ቪዲዮ ቤት ትዝ ይለኛል። ወታደር የነበረው አባቴ፣ እናቴ ከሞተች ወዲህ አቅፎኝ አያውቅም፤ ጸጉሬን የሚያበጥሩልኝ ጎረቤታችን እማማ ሐዋ ነበሩ። አንድ እሁድ ከሰዓት በኋላ አክሽን ፊልም ሊያሳየኝ ወሰደኝ። ፊልሙ ውስጥ ያን ሁሉ ሰው የገደለው ሰውዬ፣ ወላጅ የሌላትን አንዲት ሕፃን አጠገቡ አስቀምጦ ደም በነካው እጁ ጸጉሯን አበጠረላት። አባቴ አንገቱን ደፋ።

ቤት ስንገባ እጁን በሳሙና ደጋግሞ ታጠበና ማበጠሪያ አነሳ። ጸጉሬን እያበጠረ በየመሃሉ እጁን ያይ ነበር።

«አባዬ፣ ምን ሆነሃል?»

«በዚህ እጄ አንቺን መንካት እየፈራሁ ነው የኖርኩት፣ ልጄ።»

«ታጥበኸዋል እኮ!» አልኩት።

ምን ማለቱ እንደነበር የገባኝ ካደግሁ በኋላ ነው። መልሴን ግን ዛሬም አልቀይረውም።