የአፍሪካና የእስያ ዋስ ሆኜ ከሀደሮ ተመለስኩ

ወሬው የደረሰኝ እሑድ ከቅዳሴ ስመለስ ነው። ነጠላዬን እንኳ አላወረድኩም፤ የትምህርት ቤታችን ዲሬክተር ሆሳዕና ከተከራየኋት ቤት ደጃፍ ቆመው ይጠብቁኛል።

«ቲቸር፣ ከአፍሪካና ከእስያ ሕዝቦች የወዳጅነትና የሰላም ኮሚቴ እንግዶች መጥተዋል። እስከ ሀደሮ አብረሻቸው ሄደሽ ታስተረጉሚያለሽ» አሉኝ።

«ሌላ የእንግሊዝኛ አስተማሪ የለም?»

«አለ። ዝውውር የጠየቅሽው ግን አንቺ ነሽ።»

ገባኝ። አገሬ ሞጣ ነው። እናቴ ዓይኗ እየደከመ ብቻዋን ናት፤ እዚያ እንድዛወር ካመለከትኩ ቆይቻለሁ። እንግዶቹ ያለ እንከን ደርሰው ከተመለሱ ዲሬክተሩ ራሳቸው ጉዳዬን ሊያስጨርሱልኝ ቃል ገቡ። እኔም ለእመቤቴ ሻማ ተሳልኩ።

ሐሙስ፣ ጎሕ ሲቀድ፣ ሆሳዕና

ብርድ፣ ጭጋግ፣ የመንግሥት ላንድሮቨር። ሾፌሩ አቶ ዴታሞ የሐዲያ ሰው ናቸው፤ ሞተሩ እስኪሞቅ አይናገሩም፣ ከሞቀ በኋላ አያቆሙም። እንግዶቹ ሁለት ናቸው። ከህንድ የመጡት ወይዘሮ ሱሺላ ቀጭን አሮጊት ናቸው፤ በነጭ ሳሪያቸው ላይ የወንድ ሹራብ ደርበዋል። ከታንዛኒያ የመጡት አቶ ጁማ ደግሞ ጉልበታቸውን የሚያኖሩበት ያጡ ግዙፍ ሰው ናቸው። ሁለቱም ከኋላ ተቀመጡ። ከኋላ የሚከፈተው መስኮት አንድ ብቻ ነው፤ ሌላው ከተበላሸ ቆይቷል።

መንገዱ ቀይ አቧራ ነው። ግራና ቀኝ እንሰት፣ ባሕር ዛፍ፣ የሣር ቤት፣ ቆጮ ተሸክመው ወደ ገበያ የሚወርዱ ሴቶች። አቶ ጁማ መስኮቱን ከፈቱት። ወይዘሮ ሱሺላ ሳሉና ዘጉት። አቶ ጁማ ፊታቸው ወዝ አጣና ከፈቱት። እኔ ከፊት ሆኜ ውዳሴ ማርያም እደግማለሁ፤ ከኋላዬ መስኮቱ ሲንቋቋ ይሰማኛል።

አንጋጫ፣ ሻይ ቤት

እዚህ ስንደርስ እንግዶቼ ተኳርፈዋል።

«ለዚያ ሰውዬ ንገሪልኝ፤ አቧራው ሳንባዬን ጨረሰው» አሉኝ ወይዘሮ ሱሺላ በእንግሊዝኛ።

አቶ ጁማ አጠገባቸው ተቀምጠው ክንድ ለክንድ ሊነካኩ ምንም አልቀራቸውም፤ እንግሊዝኛቸውም ከኔ ይሻላል። ቢሆንም ዞር ብዬ ያንኑ ቃል በእንግሊዝኛ ነገርኳቸው።

«ለሴትዮዋ ንገሪያቸው፤ ሲዘጋ ያቅለሸልሸኛል» አሉ እሳቸውም። ከእንግሊዝኛ ወደ እንግሊዝኛ አስተረጎምኩ።

አቶ ዴታሞ ዳቦ እየነከሩ «ምን ይባባላሉ?» አሉ።

«ስለ መስኮት ነው።»

«ባሕር ተሻግረው መጥተው በኔ መስኮት?» አሉና ሁለተኛ ሻይ አዘዙ።

ዱራሜ፣ ማምሻውን

ተራራው ሀምበርቾ ከከተማዋ በላይ ደመና ተከናንቧል። የኪነት ቡድን ዘፈነ፣ ተማሪዎች ባንዲራ አውለበለቡ። እንግዶቼ ለሕዝቡ ሳቁ፤ እርስ በርሳቸው ግን እራት እንኳ በተለያየ ጠረጴዛ በሉ። እኔ መሐል ቆሜ ጨው ከአንዱ ወደ ሌላው አመላለስኩ። ሞጣ ርቃ ታየችኝ።

ዓርብ፣ ሀደሮ

ወደ ሀደሮ ስንወርድ አየሩ ሞቀ። ዝንጅብል ሊደርቅ በየደጁ ተሰጥቷል፤ ሽታው መኪናው ውስጥ ይገባል፣ መስኮቱ በተከፈተ ጊዜ ማለቴ ነው። የገበያው ሜዳ በሰው ሞልቷል። የወረዳው ካድሬ ጓድ መስፍን፣ ላብ ያጠመቀው ወጣት፣ ፕሮግራሙን ይዞ ይሯሯጣል። መጀመሪያ የአገር ሽማግሌዎች ይመርቃሉ፣ ከዚያ እንግዶቹ ይናገራሉ።

የሽማግሌዎቹ አፈ ጉባኤ አቶ ሎምባሞ ተነሡ። ተራርቀው የተቀመጡትን እንግዶች ትክ ብለው አዩና ተመልሰው ተቀመጡ።

«አባባ፣ ምርቃት» አለ ጓድ መስፍን።

«አንቺ አስተማሪ» አሉኝ እሳቸው፣ «እነዚህ ሁለቱ ተጣልተዋል ወይ?»

መዋሸት ፈራሁ። «ትንሽ» አልኩ።

«የተጣላ ሰው ባለበት አንመርቅም።»

«አባባ፣ ሰዓት የለንም፤ ፕሮግራም ነው» አለ ጓድ መስፍን።

«ፕሮግራሙ ስለ ምንድን ነው?»

«ስለ ሰላም።»

«እንግዲያው ጀምረነዋል።»

ሜዳው ሳቀ። እሳቸው ግን አልሳቁም። «ልጆቻችን ጦር ሜዳ ናቸው። ስለ ሰላም የምናወጣው ቃል ቀልድ አይደለም» አሉ። ሳቁ ቆመ። ይህን ሳስተረጉም ወይዘሮ ሱሺላ አንገታቸውን ደፉ፤ አቶ ጁማ ባርኔጣቸውን አወለቁ።

ሁለቱን ሣር ላይ አስቀምጠው ቃላቸውን ተቀበሉ። እኔ ወደ አማርኛ፣ አንድ ሽማግሌ ወደ ከምባትኛ። ዝንጅብል ነጋዴዎቹ ከአቶ ጁማ ጎን ቆሙ፤ ሴቶቹ ከወይዘሮ ሱሺላ። አንዷማ «ባሌም እንዲሁ ነው፣ በር ከፍቶ ይተኛል» ብላ ምስክርነት ልትሰጥ ተነሥታ ነበር። ጓድ መስፍን ሰዓቱን ማየት ትቶ ሣሩ ላይ ተቀመጠ።

ፍርዱ መጣ። «ከዛሬ ጀምሮ መስኮቱን የምትከፍተው እሷ፣ የሚዘጋው እሱ ይሁን።»

ተሳሳቁ፣ ተቃቀፉም። ወይዘሮ ሱሺላ አቶ ጁማ ደረት ላይ ጠፉ። እኔም ተመስገን ብዬ ልነሣ ስል፣

«ዋስ ማን ነው?» አሉ አቶ ሎምባሞ። «ነገ አፍሪካና እስያ ቢጣሉ ማንን እንይዛለን?»

ሁሉም ወደ እኔ ዞረ።

«እኔ እኮ የሞጣ ሰው ነኝ» አልኩ።

«የምትኖሪው የት ነው?»

«ሆሳዕና።»

«ደግ ነው፣ ቅርብ ነሽ። ዋስ ደግሞ አገር አይለቅም።»

እርጥብ ሣር አስጨበጡኝ፤ በፈጣሪ ስም ቃል ገባሁ። ከዚያ በኋላ ምርቃቱ እንደ ዝናብ ወረደ፤ ንግግሮቹ አጭር ሆኑ፣ ሰውም ሳይሰለች ሰማቸው። ለእኔ የጾም ጎመን በቆጮ ቀረበልኝ።

ቅዳሜ፣ ሆሳዕና

በመልሱ መንገድ ወይዘሮ ሱሺላ «ልክፈትልህ?» ይላሉ፤ አቶ ጁማ «አይ፣ ልዝጋልዎ» ይላሉ። አቶ ዴታሞ «ጠባቸው ይሻል ነበር፣ ጆሯችን ያርፍ ነበር» አሉኝ። እንግዶቹ ወደ አዲስ አበባ የተሸኙት አንድ ከረጢት ዝንጅብል ተካፍለው ነው።

ዲሬክተሩ ቃላቸውን ጠበቁ፤ ወደ ሞጣ መዛወሬ ተፈቅዷል። ይህን ለጋዜጣው የምጽፈውም በዚሁ ምክንያት ነው። ሰው ሁሉ «የጨዋታ ዋስትና ነው፣ ዝም ብለሽ ሂጂ» ይለኛል። እኔ ግን ሣሩን ስጨብጥ የጠራሁትን ስም አልተጫወትኩበትም፤ አቶ ሎምባሞም አልተጫወቱም።

ስለዚህ አቶ ሎምባሞና በዚያን ዓርብ ሣሩ ላይ አብራችኋቸው የተቀመጣችሁ የሀደሮ ሽማግሌዎች፣ እባካችሁ ዋስትናዬን አውርዱልኝ። ምትክ አምጪ ካላችሁ አቶ ዴታሞ እሺ ብለዋል፤ የአገር ሰው ናቸው፣ የትም አይሄዱም። ኑ ካላችሁኝም ራሴ እመጣለሁ። እናቴ መንገድ መንገድ እያየች ነው፤ እናንተ ልቀቂ ሳትሉኝ ግን ሻንጣዬን አልዘጋም።