ከተራ ቁጥር ውጭ፣ በእርሳስ

እናቴ ትምህርት ቤት አልገባችም፤ እሷም ገባሁ አትልም። ልጅ ሳለች ታናሽ ወንድሟን ከመንደራቸው ከቱላ ይዛ ረጅም መንገድ በእግሯ እየሄደች ትምህርት ቤት ታደርሰውና፣ እስኪለቀቅ ድረስ የክፍሉ መስኮት ሥር ቆማ ትጠብቀው ነበር። እኔ የማልቀበላት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ጠዋት ጠዋት ስሜ ይጠራ ነበር» የምትለውን። አስተማሪ ነኝ፤ ያልተመዘገበ ልጅ ስም እንደማይጠራ አውቃለሁ። ባለፈው እንግዶች ባሉበት ይህንኑ ስትደግም፣ ውጭ የቆመን ልጅ ስም ማን ይጠራል ብዬ ሳቅኩባት። እንግዶቹም ሳቁ። እሷ ግን ለሦስት ቀን ከሰላምታ በቀር አላናገረችኝም።

እልኸኛ ነኝና ክርክሩን በወረቀት ልዘጋው ተነሣሁ። የትምህርት ቤቱ የድሮ መዝገቦች መሃል ከተማ ወዳለ መዝገብ ቤት ተዛውረዋል ሲሉኝ ባጃጅ ይዤ ሄድኩ። ሠራተኛዋ አቧራውን በጨርቅ እየጠረገች፣ ጠርዙን አይጥ የቀመሰው የስም መጥሪያ አወጣችልኝ። የአጎቴን ስም ወዲያው አገኘሁት፤ በቀለም፣ ከነተራ ቁጥሩ። የእናቴ የለም። ደስ እያለኝ ልከድነው ስል፣ ከገጹ ግርጌ በእርሳስ የተጻፈ፣ ተራ ቁጥር የሌለው ስም አየሁ። የእናቴ ስም ነበር፣ ከነአባቷ።

ከስሟ ትይዩ በየቀኑ ምልክት አለ። መምህሩ ያን ሁሉ ልጅ ጠርተው ሲጨርሱ ወደ መስኮቱ ዞር ብለው እሷንም ይጠሩ ነበር ማለት ነው። ማንም አላዘዛቸውም፣ ማንም አይጠይቃቸውም። እኔ ይህን ያህል ዘመን ሳስተምር ከመስኮት ውጭ ማን እንደቆመ አንድ ቀን እንኳ አላየሁም።

ከዚያ ደግሞ ጨርሶ ያላሰብኩት መጣ። አንድ ሳምንት ሙሉ ከአጎቴ ስም ፊት «ቀሪ» ተብሎ ተጽፏል፤ ታሞ ይሆናል። የእናቴ ምልክት ግን አልተቋረጠም። የምታደርሰው ወንድም ሳይኖር፣ ያን መንገድ ብቻዋን እየተመላለሰች ቆማለች። ይህን ለማናችንም ነግራን አታውቅም። ሠራተኛዋ ምን ሆንሽ እስክትለኝ ድረስ አለቀስኩ።

አስፈቅጄ ገጹን በስልኬ ፎቶ አንስቼ እናቴ ቤት ቱላ ወረድኩ። መንገዱን ሙሉ ይቅርታ አጠያየቄን ሳዘጋጅ ነበር፤ ስደርስ ግን ስልኩን ሰጠኋት። መነጽሯን ብትፈልግ አጣችው፤ አንብቢልኝ አለችኝ።

ከተራ ቁጥር አንድ ጀምሬ ስሞቹን አነበብኩላት። አንዳንዱን ስትሰማ ፈገግ ትላለች። የአጎቴን አለፍኩ። ተራ ቁጥሩ አለቀ። ከዚያ የእሷን ስም ከነአባቷ ጠራሁ።

ጉልበቷን ስለሚያማት ሰው ካልደገፋት አትነሣም። ግድግዳውን ይዛ ብቻዋን ተነሣችና ቆመች።

«አቤት» አለች።