ከአሸዋ የወጣ ጣፋጭ ፓፓያ

ሮቲያ ለእንግዳ ፓፓያ ስታቀርብ አትቀመጥም፤ የመጀመሪያውን ቁራጭ እስኪውጥ ከፊቱ ቆማ ታየዋለች። በዚህ ኩራቷ አቤማማ ደሴት ላይ የማያውቃት የለም። ኩራቱ ግን በዋዛ የመጣ አይደለም።

መሬቷ አፈር የሚባል አይደለም፤ ነጭ አሸዋና የተፈጨ ዛጎል ነው። መጀመሪያ የተከለቻቸው ፓፓያዎች ቅጠላቸው ገርጥቶ፣ ፍሬያቸው ጡጫ አክሎ ቀረ። በመርከብ የመጣ ነጭ ማዳበሪያ ሰጠቻቸው። ፍሬው ጭንቅላት አከለ፤ ሲቀመስ ግን ውሃ ውሃ ይላል፣ በሁለተኛው ቀን ይበሰብሳል። “ይቺ ደሴት የኮኮናት ናት፣ አርፈሽ ተቀመጪ” አሏት ጎረቤቶቿ።

አባቷ ጉድጓድ ውስጥ የሚተከለውን ባባይ የሚባል የሥር ተክል እየመገቡ ሰው የሚያክል ሥር ያወጡ ሰው ነበሩ። የአመጋገቡን ምስጢር የነገሩት ለታላቅ ወንድሟ ለባውሮ ብቻ ነው። ለባባዩ የሚሰጠውን ቅጠልና የኮኮናት ልጣጭ ስትሸከም ያደገችው ግን ሮቲያ ነበረች፤ ዓይንሽን ጨፍኚ ያላት አልነበረም።

እስከ ወገቧ የሚደርስ ጉድጓድ ቆፈረች። የደረቀ ቅጠል፣ የኮኮናት ልጣጭ፣ የአሳማ ፍግና የዓሣ ሆድ ዕቃ እያነባበረች ሞላችውና ፓፓያውን በላዩ ተከለች። ቅጠል ሲገረጣ አባቷ ከሥሩ የዛገ ብረት ይቀብሩ ነበርና፣ የዛገ የሥጋ ጣሳም ከየደጁ ትለቅም ጀመር።

“ሮቲያ፣ ጣሳ ዘርተሽ ሥጋ ልታበቅይ ነው?” አላት ባውሮ ሲያልፍ።

“ከበቀለ ጋሼ፣ መክፈቻ ይዘህ ና።”

በሁለተኛው ዓመት ለበዓል መንደሩ ማኔያባ በሚባለው የጋራ አዳራሽ ሲሰበሰብ፣ አሥራ ሁለት ፓፓያ ቆርጣ አቀረበች። የፍሬው ሥጋ ጠበቅ ያለ፣ እንደ እንቁላል አስኳል የቀላ ነበር። ጥርስ የሌላቸው ሽማግሌ ታባራ በልተው ሳህናቸውን እንደገና ዘረጉ።

“ምን መገብሻቸው?” አሏት።

የአመጋገብ ምስጢር የየቤተሰቡ ነው። እንዲህ ያለ ጥያቄ በደሴቲቱ በውሸት ነው የሚመለሰው፤ ጠያቂውም እውነት አይጠብቅም። ሮቲያ ግን ተነሥታ ቅጠሉን በየስሙ፣ ወሩን፣ ልኩን፣ ጣሳውንም ሳታስቀር ተናገረች።

“የአባታችንን ምስጢር ሜዳ ላይ ዘረገፍሽው!” አለ ባውሮ።

“አባባ የነገሩህ ስለ ባባይ ነው፣ ጋሼ። ስለ ፓፓያ ነግረውሃል?”

ታባራ ሳቁ። ባውሮ ዓመት ሙሉ ደጇን አልረገጠም። ሴቶቹ ግን በማግስቱ መቆፈር ጀመሩ፤ የራሱም ሚስት ከእነሱ ጋር።

አንድ ጠዋት ባውሮ የሚስቱን ፓፓያ በእጁ ይዞ መጣ። “እስቲ ቅመሺው” አለ፣ ሰላምታ ሳይሰጥ።

ሮቲያ ሳትቸኩል አኘከች። “ጥሩ ነው። የኮኮናት ልጣጭ ያንሰዋል።”

“አባባ እንዳሉኝ አንድ እቅፍ ነው ያደረግነው።”

“ያሉህ አንድ ይሆናል። ሲያስቀምጡ ግን ሁልጊዜ ሁለት ነበር። ተሸካሚዋ እኔ አይደለሁ?”

ባውሮ ጎንበስ ብሎ ከምንጣፏ ጫፍ ተቀመጠ።

ዛሬ በመንደሩ አሥራ ዘጠኝ እንዲህ ያለ ጉድጓድ አለ። ሰው ሁሉ “የሮቲያ” ይላቸዋል፤ እሷም “ኧረ የእናንተ ነው” አትልም።